ሁገልኩልቱር

ሁገልኩልቱር ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና ሌላ የዕፅዋት ተረፈ ምርት በጉብታ መልክ ተከምሮ፣ ከላዩ አፈር ለብሶ አትክልት የሚለማበት ዘዴ ነው። ቃሉ ጀርመንኛ ነው፤ «ሁገል» ጉብታ ወይም ትንሽ ኮረብታ፣ «ኩልቱር» ደግሞ በዚህ አገባቡ ልማት ወይም እርሻ ማለት ነው። በአማርኛ «የጉብታ እርሻ» ሊባል ይችላል። ጉብታው ራሱ በጀርመንኛ «ሁገልቤት» ይባላል፤ እዚህ ላይ «ቤት» የጀርመንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ የአትክልት መደብ ነው።

የዘዴው መነሻ ሐሳብ በጫካ ውስጥ ከሚታየው ነገር የተወሰደ ነው። በጫካ የወደቀ ግንድ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ በሚበሰብስበት ጊዜ ውኃ ይይዛል፣ ፈንገስና ነፍሳት ይሠፍሩበታል፣ በመጨረሻም ወደ አፈርነት ይለወጣል። ሁገልኩልቱር ይህን ሂደት ወደ አትክልት ቦታ ያመጣል። ደጋፊዎቹ ዘዴው ውኃ ይቆጥባል፣ አፈር ያዳብራል፣ የሚጣለውንም እንጨት ጥቅም ላይ ያውላል ይላሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ጉብታው ይሰምጣል፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናይትሮጅን ሊያሳጣ ይችላል፣ የሚነገርለትም ጥቅም በበቂ ጥናት አልተረጋገጠም ይላሉ።

ዘዴውን በትክክል ለመመዘን ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፦ መደቡ ከፍ በማለቱ የሚገኘውን ጥቅም፣ ከብስባሹና ከፍጉ የሚገኘውን ጥቅም፣ እንዲሁም የተቀበረው እንጨት ራሱ የሚሰጠውን ጥቅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለ እንጨትም ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ «ሁገልኩልቱር ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው «እንጨቱን መቅበር ይጠቅማል ወይ?» ወደሚለው ጥያቄ ይመለሳል።

ታሪክ

ሁገልኩልቱር በጀርመንና በምሥራቅ አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት እንደኖረ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ይሁን እንጂ ስሙ በጽሑፍ የታወቀው ሄርማን አንድሬ የተባለ ጀርመናዊ አትክልተኛ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ነው። አንድሬ ሐሳቡን ያገኘው በአያቱ የአትክልት ቦታ ጥግ በተከመረ የእንጨት ፍርስራሽ ላይ ልዩ ልዩ ዕፅዋት በብዛት በቅለው በማየቱ እንደሆነ ይገለጻል። በኋላም ሐንስ ቤባ የተባለ ሌላ አትክልተኛ ከአንድሬ ጋር ሆኖ ዘዴውን ለቤት አትክልተኞች የሚያስረዳ መጽሐፍ አዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ የጉብታ መደብ በጀርመንና በኦስትሪያ የጓሮ አትክልተኞች ዘንድ የታወቀ ሆነ።

ዘዴውን ከጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ውጭ ካስተዋወቁት ሰዎች ዋነኛው ኦስትሪያዊው ገበሬ ሴፕ ሆልዘር ነው። ሆልዘር በ1942 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ በዛልትስቡርግ ክፍለ ሀገር በሉንጋው ወረዳ የሚገኘውን ክራሜተርሆፍ የተባለውን የወላጆቹን እርሻ በ1962 እ.ኤ.አ. ተረከበ። እርሻው በአልፕስ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ሆልዘር በዚህ ቀዝቃዛ ተዳፋት ላይ እርከን፣ ኩሬና ትልልቅ የእንጨት ጉብታዎችን በማቀናጀት አትክልትና ፍራፍሬ አለማ። የእሱ ጉብታዎች ከጓሮ መደብ በጣም የሚበልጡና በአብዛኛው በመቆፈሪያ ማሽን የሚሠሩ ናቸው።

ሁገልኩልቱር በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው «ፐርማካልቸር» በተባለው የእርሻ አስተሳሰብ አማካይነት ነው። የፐርማካልቸር መሥራቾች አውስትራሊያውያኑ ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግረን ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን በ1978 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ዛሬ ዘዴው በተለይ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የጓሮና የማኅበረሰብ አትክልት ቦታዎች ይሠራበታል።

አሠራር

የጉብታ መደብ አሠራር ከቦታ ቦታ ይለያያል። በጀርመን የተለመደው የጓሮ መደብ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር ስፋትና እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ከፍታ አለው፤ ርዝመቱ እንደ ቦታው ይወሰናል። ሥራው በአብዛኛው በመጸው ወራት ይከናወናል፤ ምክንያቱም በዚያ ጊዜ የተገረዘ ቅርንጫፍና የረገፈ ቅጠል በብዛት ይገኛል፣ ክምሩም እስከ ጸደይ ድረስ ለመርጋት ጊዜ ያገኛል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፦

1. የላይኛው ሣር ከነሥሩ ተቆርጦ ወደ ጎን ይቀመጣል፤ ከዚያም ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። የላይኛው ለም አፈርም ለብቻው ይቀመጣል።
2. አይጥና ፍልፈል በሚያስቸግሩበት ቦታ ከሥር ጠበቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ይነጠፋል።
3. በጉድጓዱ መሐል በርዝመቱ አቅጣጫ ግንድና ወፍራም ቅርንጫፍ ይደረደራል። ቀጭኑ ጭራሮ በላዩና በመካከሉ ይገባል።
4. ተቆርጦ የተቀመጠው ሣር ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ በእንጨቱ ላይ ይደፋል።
5. እርጥብ ቅጠል፣ የአትክልት ተረፈ ምርትና ፍግ ይጨመራል።
6. ገና በደንብ ያልበሰለ ብስባሽ ይከተላል።
7. በመጨረሻ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከበሰለ ብስባሽ ጋር የተደባለቀ አፈር ይለብሳል።

በየንብርብሩ መካከል ውኃ ማጠጣትና ክፍተቶችን በአፈር መሙላት አስፈላጊ ነው። በእንጨቱ መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ የተክል ሥር አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ አይጥም ይራባበታል፤ ጉብታው በኋላ በድንገት የሚሰምጠውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ደረቅ ግንድ ውኃ የሚመጥጠው በዝግታ ስለሆነ ከመቀበሩ በፊት ማራስ ይመከራል። ሥራው ሲያልቅ የጉብታው ጎኖች በዝናብ እንዳይሸረሸሩ በገለባ ወይም በሣር ጉዝጓዝ ይሸፈናሉ።

በአውሮፓ ጉብታው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቶ እንዲሠራ ይመከራል። በዚህ አቅጣጫ ሲሠራ አንዱ ጎን የጠዋት፣ ሌላው ጎን የከሰዓት ፀሐይ ያገኛል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተዘረጋ ግን የሰሜኑ ጎን ለረጅም ጊዜ ጥላ ይሆናል። ፀሐይ ከአናት አካባቢ በምታልፍባቸው ለምድር ወገብ ቅርብ በሆኑ አገሮች ይህ ልዩነት አነስተኛ ነው።

በጉብታው ውስጥ የሚካሄደው ሂደት

እንጨት በዋናነት ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን ከተባሉ ነገሮች የተሠራ ነው። ሊግኒን ለእንጨት ጥንካሬ የሚሰጠው ክፍል ሲሆን ለመበስበስም አስቸጋሪ ነው። ይህን ለመፍታት የሚችሉት በተለይ አንዳንድ የፈንገስ ዓይነቶች ናቸው። ስለዚህ ወጥ ቤት ተረፈ ምርት በሳምንታት ውስጥ ሲበሰብስ፣ ወፍራም ግንድ ግን ብዙ ዓመታት ይወስድበታል።

ለሂደቱ ወሳኙ ነገር ካርቦን ለናይትሮጅን ያለው ምጣኔ ነው። ጥቃቅን ሕዋሳት ካርቦንን ለጉልበትና ለሰውነታቸው ግንባታ፣ ናይትሮጅንን ደግሞ ፕሮቲን ለመሥራት ይፈልጋሉ። ብስባሽ በደንብ የሚሠራው ምጣኔው ከ25 እስከ 30 ለ1 በሚሆንበት ጊዜ ነው። የከብት ፍግ ወደ 20 ለ1 ይጠጋል፤ ገለባ 80 ለ1 ገደማ ነው፤ እንጨት ግን ብዙ ጊዜ ከ200 ለ1 በላይ ሲሆን እስከ 500 ለ1 ሊደርስ ይችላል።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 100 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ቢቀበር ግማሹ ማለትም 50 ኪሎ ግራም ያህሉ ካርቦን ነው። የእንጨቱ ምጣኔ 400 ለ1 ቢሆን በውስጡ ያለው ናይትሮጅን 125 ግራም ብቻ ይሆናል። ምጣኔውን ወደ 30 ለ1 ለማድረስ ግን 1.67 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሮጅን ያስፈልጋል። የጎደለው ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ጥቃቅን ሕዋሳቱ ይህን ጉድለት የሚሞሉት በአቅራቢያቸው ካለው አፈር ስቦ በመውሰድ ነው። በዚያ ጊዜ አትክልቱ ናይትሮጅን ያጥረዋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ዕድገቱም ይዘገያል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ፍላጎት በአንድ ጊዜ አይመጣም። ወፍራም ግንድ የሚበሰብሰው ከላይኛው ገጹ ጀምሮ ስለሆነ ናይትሮጅን የሚፈልገው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ነው። ያው እንጨት ተፈልጦና ተፈጭቶ ከአፈር ጋር ቢደባለቅ ግን ከአፈሩ ጋር የሚነካካው ገጽ እጅግ ስለሚጨምር እጥረቱ በፍጥነትና በኃይል ይከሰታል። ግንዱ ከታች መሐል ላይ፣ ፍጉና ብስባሹ ደግሞ ከላይ በሥር አካባቢ የሚቀመጡበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሰጋቱራና ፍልጥ ቁርጥራጭ አትክልት በሚተከልበት አፈር ውስጥ መደባለቅ አይመከርም።

ጥቅሞች

ውኃ መያዝ። የበሰበሰ እንጨት ቀዳዳው ስለሚበዛ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይመጥጣል፤ አፈሩ ሲደርቅም እርጥበቱን ቀስ በቀስ ይሰጣል። የተክል ሥርና የፈንገስ ክር ወደ እንጨቱ ዘልቆ ይህን ውኃ ሊያገኝ ይችላል። ሆኖም ይህ ባሕርይ የሚመጣው እንጨቱ ከበሰበሰ በኋላ ነው። ትኩስ ግንድ፣ በተለይ ቅርፊቱ ያልተላጠ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን አገልግሎት እምብዛም አይሰጥም።

አፈርን ማዳበር። እንጨቱ ሲበሰብስ ለብዙ ዓመታት ያለማቋረጥ ዕፅዋት ነክ ቁስ ወደ አፈሩ ይጨምራል። ይህም አፈሩን ያላላል፣ አየር ያስገባል፣ ለምድር ትልና ለሌሎች የአፈር ፍጥረታት ምግብ ይሆናል። አፈሩ በተራቆተ ወይም በጣም በጠበቀ ቦታ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሙቀት መስጠት። ቅጠል፣ ሣርና ፍግ ሲበሰብሱ ሙቀት ያወጣሉ። በቀዝቃዛ አገሮች ይህ ሙቀት የጸደይ ተክል ቀደም ብሎ እንዲጀምር ይረዳል፤ ከፍ ያለው መደብም ከሜዳው ቀድሞ ይሞቃል። ጥቅሙ በአልፕስና በሰሜን አውሮፓ ትርጉም ቢኖረውም፣ በቆላ አገር ግን ተጨማሪ ሙቀት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ውኃ ማጥለል። መሬቱ ውኃ በሚቋጥርበት ቦታ ከፍ ያለው መደብ የተክሉን ሥር ከውኃ በላይ ያደርገዋል። ይህ ጥቅም ግን የሚገኘው ከእንጨቱ ሳይሆን ከከፍታው ነው።

የመትከያ ቦታ መጨመር። 1.8 ሜትር ስፋትና 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ሁለቱ ጎኖቹ ሲለኩ 2.4 ሜትር ያህል ይሆናሉ። ይህ ማለት ከጠፍጣፋው መሬት ጋር ሲነጻጸር የሚተከልበት ገጽ በ3 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ያህል ይጨምራል። ይሁን እንጂ በዚያ ቦታ ላይ የሚወርደው የፀሐይ ብርሃን በዚያው መጠን አይጨምርም፤ ስለዚህ ገጹ በጨመረ ቁጥር ምርቱ በእኩል መጠን ይጨምራል ማለት አይቻልም።

ተረፈ ምርትን መጠቀም። የተገረዘ ቅርንጫፍ፣ በንፋስ የወደቀ ግንድና የበሰበሰ እንጨት ከመቃጠል ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ ከመሄድ ይድናል። ለመፍለጥም ሆነ ለመፍጨት ማሽን አያስፈልግም።

ለሠራተኛው ምቾት። መደቡ ከፍ ስለሚል ለመኮትኮትና ለመሰብሰብ ብዙ ማጎንበስ አይጠይቅም። ይህ በተለይ ለአረጋውያንና ወገባቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ይጠቅማል።

ችግሮች

መስመጥ። የተቀበረው እንጨት ሲበሰብስ መጠኑ ስለሚቀንስ ጉብታው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። የጓሮ መደብ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ዓመት ካገለገለ በኋላ ተስተካክሎ እንደገና ይሠራል፤ በወፍራም ግንድ የተሠራው ከዚህ የበለጠ ይቆያል። በመስመጡ ምክንያት የፍራፍሬ ዛፍ በጉብታው አናት ላይ መትከል አይመከርም፤ አፈሩ ሲወርድ ሥሩ ይገለጣል ወይም ዛፉ ይዘማል።

ናይትሮጅን ማነስ ወይም መብዛት። ከላይ እንደተገለጸው እንጨት የበዛበት ጉብታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የናይትሮጅን እጥረት ሊያሳይ ይችላል። በተቃራኒው እርጥብ ሣር፣ ፍግና ብስባሽ የበዛበት መደብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሚፈለገው በላይ ናይትሮጅን ሊለቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ እንደ ሰላጣና ስፒናች ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ናይትሬት በብዛት ስለሚያከማቹ በጀርመን አትክልተኞች ዘንድ በእነዚያ ዓመታት እነዚህን አለመትከል ይመከራል። ሁለቱ ተቃራኒ የሚመስሉ ችግሮች የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፤ እሱም በክምሩ ውስጥ የገባው እንጨትና እርጥብ ነገር መጠን አለመመጣጠን ነው።

መድረቅ። ጉብታ ከሜዳ ይልቅ ለንፋስና ለፀሐይ የተጋለጠ ነው፤ ጎኑም ተዳፋት ስለሆነ ዝናብ ሳይሰርግ ወርዶ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጠፍጣፋ መደብ የበለጠ ውኃ ሊጠይቅ ይችላል። ሁገልኩልቱር ምንም ውኃ ማጠጣት አይፈልግም የሚለው አባባል ለሁሉም አየር ንብረትና ለሁሉም ጉብታ አይሠራም።

አይጥና ነፍሳት። በእንጨቱ መካከል ያለው ክፍተት ለአይጥ፣ እርጥበቱ ደግሞ ለቀንድ አውጣ ይመቻል። በሞቃት አገሮች ከሁሉ የከፋው ምስጥ ነው። የተቀበረ ደረቅ እንጨት ምስጥን ይስባል፤ ጉብታው ከቤት ግድግዳ አጠገብ ከተሠራም ምስጡ ወደ ቤቱ ሊሻገር ይችላል።

ንጥረ ነገር ወደ ውኃ መፍሰስ። ብዙ ፍግና ብስባሽ የያዘ ክምር ንጥረ ነገሩ ተክሉ ከሚጠቀምበት በላይ ሊሆን ይችላል። ትርፉ በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ሲገባ አልጌ እንዲበዛ ያደርጋል፤ ይህም ለዓሣና ለሌሎች የውኃ ፍጥረታት ጎጂ ነው።

በተዳፋት ላይ ያለው አደጋ። እንጨት ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። በቁልቁለት ላይ ውኃ እንዲያቁር ታስቦ የእንጨት ጉብታ እንደ ግድብ ከተሠራ፣ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በእንጨቱ መካከል ሰርጎ ጉብታውን ሊያነሳውና ሊያፈርሰው ይችላል። ውኃ ለማቆር የሚሠራ እርከን ወይም ክትር ውስጡ አፈርና ድንጋይ እንጂ እንጨት መሆን የለበትም።

ጉልበት። አንድ መደብ ለመሥራት ብዙ አፈር ማንሳትና ከባድ ግንድ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ሥራው በየጥቂት ዓመቱ መደገሙ ሲታሰብ፣ ዘዴው ጉልበት ይቆጥባል የሚለው አባባል ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም።

የእንጨት ምርጫ

ለሁገልኩልቱር ተመራጩ እንጨት በመጠኑ ለስላሳ የሆነና መርዛማ ነገር የሌለው ነው። በአውሮፓ የበርች፣ የአልደር፣ የፖፕላርና የፍራፍሬ ዛፎች እንጨት ይመረጣል። መበስበስ የጀመረ እንጨት ከትኩሱ ይሻላል፤ ውኃ ለመያዝ ቅርብ ነው፣ የሚስበውም ናይትሮጅን አነስተኛ ነው።

የሚከተሉትን መጠቀም አይመከርም፦

- መበስበስን የሚቋቋም እንጨት፣ ለምሳሌ ሴዳርና ጥድ። ጥድ በኢትዮጵያ ለአጥር ቋሚና ለቤት ሥራ የሚመረጠው ቶሎ ስለማይበሰብስ ነው፤ ያው ባሕርይ ለጉብታ የማይመች ያደርገዋል።
- ሌላ ተክል እንዳያድግ የሚከለክል ነገር ያለው እንጨት። የሰሜን አሜሪካው ጥቁር ዋልነት ጁግሎን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ቲማቲምንና ሌሎች አትክልቶችን ይጎዳል።
- እንደገና ሊያቆጠቁጥ የሚችል ትኩስ እንጨት፣ ለምሳሌ አኻያ። እንዲህ ያለውን ከመቅበር በፊት በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል።
- ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ እንጨት። ቀደም ሲል ለግንባታ እንጨት ማቆያ ከሚውሉት ኬሚካሎች አንዱ ክሮም፣ መዳብና አርሴኒክ የያዘ ሲሆን፣ አርሴኒክ ወደ አፈርና ወደ አትክልት ሊገባ ይችላል።

የሰብል ቅደም ተከተል

ጉብታው የሚሰጠው ንጥረ ነገር በየዓመቱ ስለሚለያይ ሰብሉም እንደዚያው ይለዋወጣል። በጀርመን የተለመደው አሠራር፣ ፍግና ብስባሽ በደንብ ለገባበት መደብ፣ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብዙ ምግብ የሚፈልጉ እንደ ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ኪያር፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ያሉት ይተከላሉ። በ3ኛውና በ4ኛው ዓመት መካከለኛ ፍላጎት ያላቸው እንደ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ያሉት ይከተላሉ። ከዚያ በኋላ አነስተኛ ፍላጎት ያላቸው እንደ አተርና ፎሶሊያ ያሉ ጥራጥሬዎችና ቅመማ ቅመሞች ይተከላሉ።

እንጨት ለበዛበትና ፍግ ላነሰው ጉብታ ግን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። በመጀመሪያ አተር፣ ባቄላ ወይም ፎሶሊያ መትከል ይሻላል፤ እነዚህ በሥራቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ማግኘት ይችላሉ።

በጥናት ዓይን

ሁገልኩልቱር በብዛት የተስፋፋው በገበሬዎችና በአትክልተኞች ልምድ እንጂ በቁጥጥር በተደረገ የመስክ ሙከራ አይደለም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአትክልት ሳይንስ ባለሙያ የሆኑት ሊንዳ ቻልከር ስኮት ስለ ዘዴው ባዘጋጁት ጽሑፍ ለቤት አትክልት የሚነገሩለት ጥቅሞች በሳይንሳዊ ጥናት በበቂ ሁኔታ ያልተደገፉ መሆናቸውን አመልክተዋል።

ችግሩ በከፊል ከማነጻጸሪያው ይመነጫል። አንድ አትክልተኛ ብዙ ብስባሽና ፍግ ጨምሮ ጉብታ ከሠራ በኋላ ምርቱ ቢጨምር፣ ጭማሪው ከእንጨቱ ይሁን ከብስባሹ መለየት አይችልም። ለመለየት ሁለት መደቦች ጎን ለጎን መሠራት አለባቸው፤ ሁለቱም እኩል ከፍታ፣ እኩል አፈር፣ እኩል ብስባሽና እኩል ውኃ ኖሯቸው አንዱ ብቻ እንጨት ይኖረዋል። ንጽጽሩም ለአንድ ወቅት ሳይሆን ለብዙ ዓመታት መቆየት አለበት፤ ምክንያቱም የእንጨቱ ጥቅም የሚታየው ዘግይቶ ነው። እንዲህ ያለ ሙከራ ለትምህርት ቤት ጓሮም የሚከብድ አይደለም።

የካርቦን ጉዳይም በጥንቃቄ መታየት አለበት። እንጨቱ ከሚቃጠል ቢቀበር ካርቦኑ በአፈር ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ግን እስከ መጨረሻው አይቆይም። ጉብታው አየር የሚገባበት ስለሆነ እንጨቱ ሲበሰብስ አብዛኛው ካርቦን ቀስ በቀስ ወደ አየር ይመለሳል።

ከኢትዮጵያ ሁኔታ አንጻር

ሁገልኩልቱር የተወለደው የተገረዘ እንጨት እንደ ቆሻሻ በሚቆጠርበት አካባቢ ነው። በኢትዮጵያ ግን አብዛኛው የገጠር ቤተሰብ ምግቡን የሚያበስለው በማገዶ ነው። ቅርንጫፍና ጭራሮ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ እንጨት በጠፋበት አካባቢም ለእርሻ መዋል የሚችለው ፍግ ኩበት ሆኖ ይነዳል። እንዲህ ባለ ቦታ 100 ኪሎ ግራም እንጨት መቅበር ማለት ሌላ 100 ኪሎ ግራም ማገዶ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ማስነሳት ነው። እንጨት ለመልቀምና ለመሸከም በአብዛኛው የሚደክሙት ሴቶችና ልጆች በመሆናቸው ዋጋው በእነሱ ላይ ይወድቃል። በተጨማሪ ምስጥ በብዙ ቦታዎች፣ በተለይም በምዕራብ ወለጋ፣ የታወቀ የእርሻና የቤት ጠላት ነው።

ከፍ ያለ መደብ ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም ግን በአገሪቱ የታወቀ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ውኃ በሚቋጥረው የዋልካ አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብና ቦይ በመሥራት ውኃውን ያጠልላሉ። ለዚህ እንጨት አያስፈልግም። ማሳው ውኃ የሚያስቸግረው ከሆነ መደቡን ከፍ ማድረግ፣ አፈሩ የተራቆተ ከሆነ ደግሞ ብስባሽ ማዘጋጀት ከሁገልኩልቱር ርካሽ መፍትሔ ነው።

ዘዴው ትርጉም ሊኖረው የሚችለው ለማገዶም የማይሆን እንጨት በሚገኝበት ቦታ ነው። ለምሳሌ የበሰበሰ ጉቶና ግንድ፣ በከተሞች ከአጥርና ከጓሮ ዛፍ የሚገረዝ ቅርንጫፍ፣ እንዲሁም ከጫት የሚተርፈው የገራባ እንጨት ይጠቀሳሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ግን የሌላ ተክል ዕድገት የሚገታ ነገር ስላላቸው ትኩስ ሆነው መቀበራቸው አይመከርም።

ተመሳሳይ ዘዴዎች

ከሁገልኩልቱር ጋር የሚቀራረቡ ዘዴዎች አሉ። ጉዝጓዝ ማልበስ እንጨቱን ከመቅበር ይልቅ ፈጭቶ በአፈሩ ላይ ማልበስ ነው። በዚህ ጊዜ ናይትሮጅን የሚጎድለው እንጨቱና አፈሩ በሚገናኙበት ቀጭን ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ ሥር የሰደዱ ተክሎችን እምብዛም አይጎዳም፤ እርጥበትም ይጠብቃል። በሌሶቶ የታወቀው «የቁልፍ ቀዳዳ መደብ» ደግሞ በድንጋይ የተከበበ ክብ መደብ ሲሆን፣ በመሐሉ የወጥ ቤት ተረፈ ምርትና የእጣቢ ውኃ የሚጨመርበት ቅርጫት አለው። ይህ መደብ ብዙ እንጨት ስለማይፈልግ እንጨትም ውኃም ለሚያጥርበት ቤተሰብ ይበልጥ ይስማማል።